ጉዳዩ፦ የጭልፊቱን ደኅንነት ስለመጠበቅ

በአገራችን ከሦስት ተከራይ በላይ ያለበት ግቢ ሁሉ አንድ ደብዳቤ ጸሐፊ አያጣም። ቧንቧ ሊያጣ ይችላል፤ የውጭ መብራት ሊያጣ ይችላል፤ ደብዳቤ ጸሐፊ ግን አያጣም። ሰውየው አፍም ምላስም አለው። ግን «ቧንቧው ተከፍቷል፣ ዝጉት» ከማለት ይልቅ ወረቀት ያወጣል፣ ቀን ይጽፋል፣ ቁጥር ይሰጣል፣ «ጉዳዩ፦ ቧንቧ ስለመዝጋት» ብሎ ከሥሩ በማስመሪያ ያሰምራል። እስከዚያ ውሃው በሩን አልፎ አስፋልት ወጥቷል።

መቀሌ፣ ሓድነት ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ከብየዳ ቤቶቹ ጀርባ ባለው አረንጓዴ በር ግቢ ይህን ከባድ ኃላፊነት ተሸክመው የሚኖሩት ክቡር አቶ ሃይለማርያም ናቸው። «ክቡር» የሚለውን ማዕረግ የሰጧቸው ተከራዮቻቸው ናቸው፤ ለማሾፍ ተጀምሮ እንደዚያው ቀረ። ሠላሳ አራት ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ከሥራ ግን አልወጡም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ኮታቸውን ለብሰው፣ ከመኝታ ክፍላቸው ተነሥተው ሳሎናቸው ውስጥ ቢሮ ይገባሉ። ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ለምሳ ይወጣሉ፤ ማለትም ማድ ቤት ይሄዳሉ። የሚጽፉትን ሁሉ በካርቦን ወረቀት በሁለት ቅጂ ይጽፉታል፤ አንዱ ለባለጉዳዩ፣ አንዱ «ግልባጭ፦ ለፋይል»። ሊከራከራቸው ለሚሞክር ሰው መልሳቸው አንድ ነው። ጣታቸውን ወደ ላይ ያነሡና «በጽሑፍ!» ይሉታል።

በዚህ ግቢ ከማንም በላይ ደብዳቤ የተጻፈላት ሐቢባ ናት። ሐቢባ አብዱሰመድ የወሎ ሰው ናት፤ ከሐርቡ። ከባሏ ጋር እህል ለመነገድ መቀሌ ገባች፤ ባሏ ሞተ፤ አንድ ልጇ ዓፊፋ ኮምቦልቻ ተዳረች፤ እሷ ከነሽምብራዋና ከነምስሯ ቀረች። ሱቋ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሯል፤ መጋዘኗና መኝታዋ ወደ ግቢው ናቸው። ዓፊፋ በየጁምዓው ትደውልና «እማ፣ ነይ እንጂ፣ ብቻሽን ምን ትሠሪያለሽ?» ትላታለች። ሐቢባም «ደንበኞቼን ለማን ጥዬ?» ብላ ትመልሳለች። ከዚያ ስልኩ ይዘጋል፤ ሐቢባ እስከሚቀጥለው ጁምዓ ድረስ ከእህል ውጭ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራት ሰው የለም።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ከባሏ ጋር ከሐርቡ መጥተው ግቢው የገቡ ዕለት፣ ዕቃዋን አራግፋ ሳትጨርስ በበሩ ሥር አንድ ወረቀት ተንሸራቶ ገባ። «ቁጥር 117። ለወ/ሮ ሐቢባ አብዱሰመድ። ባሉበት። ጉዳዩ፦ እንኳን ደህና መጡ ስለማለት። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው…» በሩን ብትከፍተው አቶ ሃይለማርያም አንድ እርምጃ ራቅ ብለው፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል።

«አቦይ፣ እዚሁ ቆመው ነው እንዴ የጻፉልኝ?»

«በቃል የተባለ ነገር ነገ ‹አልተባለም› ይባላል፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

«ስሜን ግን ተሳስተዋል። መታወቂያዬ ላይ በሃሌታው ሀ ነው» አለቻቸው፣ ከማን አንሼ ብላ።

አቶ ሃይለማርያም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉ። «የተሳሳተው መታወቂያሽ ነው። ስምሽ በሐመሩ ሐ ነው። ሐቢባ!» አሉ ከጉሮሯቸው ሥር አውጥተው።

ሐቢባ «እሺ» ብላ በሩን ዘጋች። ከዚያ ጆንያ ላይ ተቀመጠችና ትንሽ ቆየች። አባቷ ሸህ አብዱሰመድ ቁርኣን የሚያስቀሩ ሰው ነበሩ፤ ስሟን እንዲህ ከጉሮሮ አውጥተው የሚጠሯት እሳቸው ብቻ ነበሩ። ትምህርት ቤት ሀቢባ፣ ገበያ ሀቢባ፣ ባሏም ነፍሱን ይማረውና ሀቢባ ነበር የሚላት። በእርግጥ መቀሌ ውስጥ ሁሉም ሰው ሐን ከጉሮሮው ነው የሚያወጣው፤ በማግሥቱ የሽንኩርት ሻጯም እንደዚያው ጠራቻት። ቢሆንም መጀመሪያ የጠሯት እሳቸው ናቸው። በጽሑፍ ያደረጉላትም እሳቸው ብቻ ናቸው።

ይህንን ለማንም አልተናገረችም። ለአቶ ሃይለማርያም ደግሞ ጭራሽ አትናገርም፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ይዘንብ ጀመር። ልብስ ማስጫው ገመድ ስለመርገቡ ደብዳቤ። በር ሲዘጋ ስለሚሰማው ድምፅ ደብዳቤ። ዶሮ ስለማሰር ደብዳቤ፤ በግቢው ውስጥ ዶሮ የነበራቸው እሳቸው ብቻ ሲሆኑ። ለራሳቸው ጽፈው፣ ግልባጩን ለተከራዮቹ ሰጡ።

መቀሌ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ራሱ በፈረቃ ነው የሚመጣው። አንድ ጊዜ ቧንቧው ድርቅ ብሎ ሲከርም አቶ ሃይለማርያም በየሳምንቱ ደብዳቤ አስገቡ። በስምንተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ከዓይናለም የውሃ ጉድጓዶች የሚመጣው ውሃ ፍንጥቅ አለ። ግቢውን በሙሉ ሰበሰቡና ግልባጩን ከፍ አድርገው አሳዩ።

«አያችሁ? በቃል ቢሆን ይመጣ ነበር?»

የመሐለኛዋ ክፍል ተከራይ ገዛኢ ባጃጅ ነጂ ነው፤ አፉ አያርፍም። «ኣይ አቦይ! ውሃው የመጣው ለመላው ሓድነት ነው እኮ» አላቸው።

«ደብዳቤውም የተጻፈው ለመላው ሓድነት ነው።»

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር። የማይቻለው ደብተሩ ነው። አቶ ሃይለማርያም ከደብዳቤው ጋር አንድ ጠንካራ ሽፋን ያለው ትልቅ የማስረከቢያ ደብተር ይዘው ይዞራሉ። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ጉዳዩ፣ የተቀባይ ስም፤ በስተመጨረሻ ደግሞ «ደርሶኛል» ተብሎ የሚፈረምበት ዓምድ። ይህ ዓምድ ነው የእሳቸው የሕይወት ጣጣ። ማንም አይፈርምላቸውም።

ገዛኢ አንዴ እሺ ብሎ ብዕሩን ተቀበለና ሦስት ጎማ ያላት ባጃጅ ሥሎ መለሰላቸው። ሐቢባ ደግሞ ጭራሽ ብዕሩን አትነካም።

«አባቴ ‹ያላነበብሽውን አትፈርሚ› ብለውኛል።»

«ታዲያ አንብቢው!»

«ደንበኛ አለብኝ፣ አቦይ።»

እሳቸውም «እሺ» ይሉና ከስሟ ትይዩ፣ በፊርማው ቦታ፣ ትንሽ አግድም ሰረዝ አስምረው ይመለሳሉ። ሐቢባም ደብዳቤውን ሳትከፍተው ወደ ጎን ታደርገዋለች። መጀመሪያ ላይ ምስር ትጠቀልልበት ነበር። አንድ ቀን ግን አቶ ሃይለማርያም ከአንዲት ደንበኛ እጅ ላይ የራሳቸውን ጽሕፈት አዩት። አልተቆጡም። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቀው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በምስሩ ዙሪያ እየዞሩ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ አንዲት ፊደል አረሙና መልሰው ሰጧት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐቢባ በወረቀቶቹ መጠቅለሏን ተወች። ባዶ ጆንያ ምስማር ላይ ሰቅላ እዚያ ውስጥ ታጠራቅማቸው ጀመር። ሳታነብ ነው፤ ግን አትጥላቸውም።

ጭልፊቱ የመጣው ባለፈው ጥቅምት፣ ክረምቱ ወጥቶ ቆርቆሮው መድረቅ ሲጀምር ነው። መምጣቱን ሐቢባ የሰማችው በደብዳቤ ነበር፤ ያቺን ብቻ ከፍታ አንብባታለች፣ «አስቸኳይ» ስለምትል። «በግቢያችን አዲስ ባልደረባ የተመደበ ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ከጣሪያዎ ላይ ሆኖ ወደ መጋዘንዎ ሲመለከት ቢያዩት እንዳይደናገጡ እናሳስባለን።»

ሐቢባ ደነገጠች። ጣሪያዋ ላይ ወንድ ተመድቧል ማለት ነው! ሱቋን ዘግታ፣ የበርበሬ መውቀጫውን ዘነዘና ይዛ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ጣሪያዋን ስትጠብቅ ዋለች። ገዛኢ ለምሳ ሲመጣ «ምን ሆንሽ፣ ሓፍተይ፣ እህቴ?» አላት። «የተመደበውን ሰውዬ እየጠበቅኩ ነው!» አለችው። በዚያው ቅጽበት ከጣሪያዋ ዲሽ ላይ አንድ ነገር እንደተወረወረ ድንጋይ ወረደ፤ ከመጋዘኑ በር ጥግ ሲር የሚል ድምፅ ተሰማ። ጭልፊቱ አይጧን በአንድ እግሩ ይዞ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ላይ ወጣ። ጀርባው የጡብ ቀለም፣ ደረቱ ጠቃጠቆ ያለበት፣ ከእርግብ ብዙ የማይበልጥ ወፍ ነው። አቶ ሃይለማርያም ከበረንዳቸው ላይ ሰዓታቸውን አዩና ማስታወሻ ያዙ።

በዚያው ሳምንት የግል ማኅደር ተከፈተለት። የሥራ መደብ፦ የአይጥ ቁጥጥር ባለሙያ። የሥራ ቦታ፦ የወ/ሮ ሐቢባ ዲሽ። እየበላ ቆርቆሮው ላይ የሚጥለውን ጭራ አቶ ሃይለማርያም በእንጨት አንሥተው ይመረምሩና «የሥራ ክንውን ሪፖርት» ይሉታል። ጭልፊቱ ዲሹ ላይ ሲቀመጥ የሐቢባ ቴሌቪዥን ይንቀጠቀጥ ነበር። በቃል አመለከተች። «በጽሑፍ!» ተባለች።

አንድ ጠዋት ግን መጋዘን ውስጥ ሽምብራ እየሰፈረች ሳለ ከውጭ የሰው ድምፅ ሰማች። አቶ ሃይለማርያም ናቸው። ማንም የለም፤ ከዲሹ ሥር ቆመው ወደ ላይ አንጋጠዋል።

«ከመይ ሓዲርካ፣ እንዴት አደርክ፣ ባልደረባ። ንፋስ ነበር አይደል ዛሬ? እኔም አልተኛሁም። ለተመድህን ብትኖር ‹መስኮቱን ዝጋው› ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ እረሳዋለሁ።»

ለተመድህን ሚስታቸው ነበረች። ከተማው መድኃኒት ባጣበት ዓመት ነው የሞተችው። ልጅ አልወለዱም። በሕይወት ሳለች ሐቢባ ታውቃት ነበር፤ ዝም ያለች፣ ጥቁር ነጠላ የምታዘወትር፣ ሲያልፉ ሁለቴ አንገቷን ነቅነቅ አድርጋ ሰላም የምትል ሴት። እሷ ከሞተች ወዲህ ሰውየው ያለ ጉዳይ በቃል ሲያወሩ ሐቢባ ስትሰማ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ኮታቸው ላይ የአንገት ልብሳቸውን ጠምጥመው፣ ለወፍ ስለ ንፋስ ያወራሉ። ሐቢባ ስፍሩን ሳታንኳኳ ጆንያው ላይ አስቀምጣ፣ ጨርሰው እስኪሄዱ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ቆየች። ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ቴሌቪዥኑን መክፈት ተወች።

ኅዳር ሲያልቅ አዲሱ እህል ገባ። አይጥም አብሮ ገባ። አንድ ጭልፊት፣ የቱንም ያህል ትጉህ ሠራተኛ ቢሆን፣ ሃያ ሰባት ጆንያ እህል ሊጠብቅ አይችልም፤ ሲመሽ ደግሞ ከሥራ ይወጣል። ሐቢባ አንድ ቀን ጠዋት የምስር ጆንያ ስታነሣ ሥሩ ተቦድሶ መሬቱ ላይ ተዘረገፈባት። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ልጇ የምትመጣ አይደለም፤ ባሏ አይነሣም፤ ያላት ይህ እህል ብቻ ነው።

«ጸገም የለን፣ ችግር የለም!» አላት ገዛኢ። «ከገበያ መርዝ አመጣልሻለሁ። አንድ ሌሊት ነው፣ ያበቃል።»

ወሬው በግቢው ውስጥ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተዳረሰ። ከሰዓት በኋላ አቶ ሃይለማርያም ሱቁ ደጃፍ መጡ። ቆሙ። ሐቢባ ለአንዲት ሴት ጤፍ ትመዝን ነበር። ሄዱ። ትንሽ ቆይተው እንደገና መጡ፤ ሁለት ሰዎች ተሰልፈው ነበር፤ ሄዱ። በሦስተኛው ደብተራቸውን ይዘው መጡና አንድ ወረቀት ሚዛኑ አጠገብ አኖሩ።

«ፈርሚልኝ።»

«ደንበኛ አለብኝ፣ አቦይ።»

ሰረዟን አሰመሩ። ሐቢባ ወረቀቱን ከነ እጥፋቱ ጆንያው ውስጥ ከተተችው። ዕለቱ ኅዳር 29 ነበር። ማታ መርዙን በተነች።

መርዙ ሠራ፤ ይህን መካድ አይቻልም። በማግሥቱ አምስት አይጥ ሞቶ አገኘች። ስድስተኛው አልሞተም ነበር፤ ፀሐይ ላይ ወጥቶ፣ የሰከረ ይመስል በግቢው መካከል እየተንገዳገደ ይዞር ነበር። ከሦስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል ጭልፊቱ ከዲሹ ላይ ወረደና ያለ ምንም ድካም አነሣው። ሐቢባ አየችው። «ማሻ አላህ» አለች እንዲያውም።

በሚቀጥለው ቀን ጭልፊቱ አልመጣም። በሦስተኛውም አልመጣም። በአራተኛው ቀን ከውሃ ማጠራቀሚያው ሮቶ ላይ፣ ሁሉም በሚያልፍበት በኩል፣ ማስታወቂያ ተለጠፈ።

«የመጀመሪያ ማስታወቂያ። በአይጥ ቁጥጥር ባለሙያነት ያገለግል የነበረው ባልደረባችን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ያለፈቃድ ከሥራ ገበታው ላይ ስላልተገኘ፣ በአሥር ቀናት ውስጥ ቀርቦ ሪፖርት እንዲያደርግ እናሳስባለን።»

ገዛኢ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ፎቶ አንሥቶ ለባጃጅ ጓደኞቹ ላከ። ሁለተኛው ማስታወቂያ ሲለጠፍ ግን አልሳቀም። ሁለተኛውን የጻፈው እጅ መስመሩን አልጠበቀም ነበር፤ አቶ ሃይለማርያም ደግሞ ያለማስመሪያ ጽፈው አያውቁም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ ቀረ።

መጀመሪያ ሐቢባ እፎይ አለች። ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። በአራተኛው ቀን ጠዋት ነቅታ አልጋዋ ላይ እንዳለች አንድ ነገር ስትጠብቅ ራሷን አገኘችው። ምን እንደምትጠብቅ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ፈጀባት። ወረቀቱ በሲሚንቶው ላይ ሲንሸራተት የሚሰማውን ድምፅ ነው። ለካ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት የምትነሣው በሱ ነበር። በዚህች ከተማ ውስጥ፣ ጁምዓ ሳይሆን፣ ሚዛንም ሳይኖር፣ ስሟን አስቦ የሚነሣ አንድ ሰው ነበር፤ አሁን እሱም ዝም አለ።

ተነሥታ ጆንያውን ከምስማሩ አወረደችና አልጋዋ ላይ ዘረገፈችው። ኅዳር 29 የምትለውን ለይታ አነሣች።

«ለወ/ሮ ሐቢባ አብዱሰመድ። ጉዳዩ፦ የጭልፊቱን ደኅንነት ስለመጠበቅ። ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ በመርዝ የተጎዳ አይጥ የበላ ጭልፊት በዚያው መርዝ እንደሚጎዳ፣ በሥራ ዘመኔ ከግብርና ክፍል የመጣ አንድ ሰርኩላር መዝግቤ ስለማውቅ፣ መርዙን ከመበተን እንዲቆጠቡልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። እህልዎ ጉዳት እንዲደርስበት አልፈልግም። ባለፈው የካቲት በጻፍኩት ደብዳቤ እንደጠቆምኩት፣ ጆንያዎቹ በርብራብ ላይ ከመሬት ከፍ ቢሉና ከግድግዳው ቢርቁ ጉዳቱ ይቀንሳል። እንጨቱን እኔ አቀርባለሁ።» ከዚያ፣ ከ«ሰላምታ ጋር» በታች፣ ደብዳቤው ካለቀ በኋላ፣ በጠባብ ጽሕፈት፦ «ይህንን በቃል ልነግርዎ ሁለት ጊዜ ደጅዎ ድረስ መጥቼ ነበር። ሰው ስለነበረ አፈርኩ። ለሰው በቃል መናገር ለተመድህን ከሞተች ወዲህ እየጠፋብኝ ነው።»

ግልባጭ የለውም። ለፋይልም አልተባለ።

ሐቢባ ከልቧ አፈረች። የካቲት የተጻፈውን ፈልጋ አገኘችው፤ እውነትም የርብራቡ ሥዕል ከነልኩ፣ በማስመሪያ ተሠርቶ አለ። ያን ዕለት ሱቅ አልከፈተችም። ከጆንያዎቹ ሥርና ከየጥጉ የቀረውን መርዝ አንድም ሳታስቀር ጠርጋ፣ ከገዛኢ ጋር ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ቀበሩት። ገዛኢ አፈሩን እየደለደለ «እኔ ነኝ ያመጣሁት፣ ሓፍተይ፤ አብሬሽ ልግባ?» አላት። «የተጻፈው ለኔ ነው» አለችው። እጇን ታጥባ፣ ሻሿን አስተካክላ፣ የአቶ ሃይለማርያምን በር አንኳኳች። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንኳኩታው አታውቅም።

ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ጠረጴዛቸው ላይ ግን የተጻፈ ነገር የለም። የጭልፊቱ ማኅደር ተከፍቶ ተቀምጧል። ከጎኑ ደብተሩ አለ።

«አቦይ፣ መርዙን የበተንኩት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ወፉን ይነካዋል ብዬ አላሰብኩም።»

አቶ ሃይለማርያም ቀና ብለው አላዩዋትም። «ሦስተኛውን ማስታወቂያ አልጻፍኩትም» አሉ። «ሦስተኛው ከወጣ ደንቡ ይታወቃል፤ ፋይሉ ይዘጋል።»

«ምናልባት ይመለሳል።»

«ምናልባት።» ደብተሩን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «ደብዳቤዬ ደርሶሽ ነበር?»

መልሷን አልጠበቁም። ደብተሩን ገልጠው ወደ እሷ አዞሩና በጣታቸው አመለከቷት።

«ተመልከቺ። ፊርማ የለም። ፊርማ ከሌለ አልደረሰሽም ማለት ነው። ጥፋቱ የላኪው ነው፤ ሳያስፈርም መሄድ አልነበረበትም። አንቺን የሚጠይቅሽ የለም።»

ይህንን የተናገሩት ከልባቸው ነው፤ ሊያሽሟጥጧት አይደለም። ሠላሳ አራት ዓመት የሠሩበት ሕግ ነው፤ በሕጋቸው ነጻ ሊያወጧት ፈልገው ነው። «አዎ፣ አልደረሰኝም» ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር።

ሐቢባ ጎንበስ ብላ ገጹን አየች። የራሷ ስም ነው፣ በሐመሩ ሐ፣ ከላይ እስከ ታች፤ ከጎኑ ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። አንድ ገጽ ወደ ኋላ ገለጠች። ያው ነው። ገለጠች፣ ገለጠች፤ አራት ዓመት ሙሉ አንድም ፊርማ የለም። ከዚያ በድንገት በፊርማው ዓምድ ላይ ክብ ክብ ያለ ትልልቅ ጽሕፈት ወጣ፤ በመሠረተ ትምህርት ጎልማሳ ሆኖ ፊደል የቆጠረ ሰው ጽሕፈት። «ጉዳዩ፦ የወጥ ጨው ስለመብዛቱ። ደርሶኛል፤ ለተመድህን።» «ጉዳዩ፦ ስለ ጨው የተጻፈውን ስለመሻርና ይቅርታ ስለመጠየቅ። ደርሶኛል፤ ለተመድህን።» «ጉዳዩ፦ አዲስ ነጠላ ስለመግዛት። ደርሶኛል፤ ለተመድህን።» በተከራዮቹ ሰረዞች መካከል በየገጹ፣ በየሳምንቱ፣ የፈረመችው እሷ ብቻ ናት። ጽሕፈቷ ወደ መጨረሻው እየደከመ ይሄዳል። የመጨረሻው፦ «ጉዳዩ፦ መድኃኒቱን ነገም እንደምፈልግ ስለማሳወቅ። ደርሶኛል።» ስሟን ለመጻፍ አልቻለችም።

ሐቢባ ገጾቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። ኅዳር 29 ላይ ስትደርስ ቆመች። ከጠረጴዛው ላይ ብዕሩን አነሣች።

«ተይው፣ ጓለይ» አሉ አቶ ሃይለማርያም። «ከፈረምሽ ጥፋቱ ባንቺ ይሆናል።»

«አውቃለሁ።»

በሰረዟ ላይ «ደርሶኛል» ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሐቢባ፣ በሐመሩ ሐ።

አቶ ሃይለማርያም ደብተሩን ወደ ራሳቸው አዞሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ጠረጉት፤ መልሰው አደረጉት፤ እንደገና አውልቀው ጠረጉት። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ቀን የለውም» አሉ በመጨረሻ።

«የቱን ቀን ልጻፍ?»

«የደረሰሽን ቀን ነዋ።»

ሐቢባ ትንሽ አሰበች። ደብተሩን ሳበችና «ታኅሣሥ 21» ብላ ጻፈች።

አቶ ሃይለማርያም ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አዩ፤ ደብተሩን አዩ። «ይሄ የዛሬ ቀን ነው። ይሄ ስሕተት ነው፣ ሐቢባ።»

«አይደለም፣ አቦይ። ዛሬ ነው የደረሰኝ።»

ጣታቸውን ወደ ላይ አነሡ። ሐቢባም ምን እንደሚሉ ታውቃለችና ጠበቀች። ጣቱ ግን አየር ላይ ትንሽ ቆየና ዝቅ አለ፤ ከጠረጴዛው ወዲያ ያለውን፣ ብዙ ጊዜ ሰው ያልተቀመጠበትን ወንበር አመለከተ።

«ተቀመጪ፣ ጓለይ» አሏት። በቃል።